የአቋም መቀየሪያ ቅጽ

ሚያዝያ 11 ቀን 2094 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ በሚገኘው የሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ አራት መቶ አስራ ስድስት ወንበር፣ አራት መቶ አስራ አምስት ወኪልና ሁለት ሰው ነበር። አንዷ ሰው እኔ ነኝ። ሽኩሪያ እባላለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሌላው ወንበር ቁጥር 17 ላይ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ የሚቀመጠው ሙሜ ነው። አጀንዳው አንድ ነው፦ አገራችን ከቀይ ባሕር አገሮች ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ? አጀንዳው ከተከፈተ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ልጅ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሚስት እያማረጠ ነበር።

ወኪል የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለኖርኩ ምንም ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አይሆንልኝም። ወኪል ሳሙና የምታክል ነገር ናት። ቤትህ ቁጭ ብለህ ሐሳብህን ትነግራታለህ፣ ድምፅህን ትይዛለች፣ ወንበርህ ላይ አስቀምጠሃት ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ አንተን ሆና ትከራከራለች። ያልነገርካትን አትናገርም። የነገርካትን ግን ገለባብጣ፣ አሳምራ፣ ሳልህንና ማቃሰትህን አውጥታ ጥላ፣ ሳትሰለች ትናገርልሃለች። መጀመሪያ የተፈቀደችው ለታመመና ለአራስ ብቻ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ አራስ ሆነ።

ሰብሳቢውም ቢሆን ሰው አይደለም። ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ "መድረኩ" እንለዋለን። ድሮ ሰው ሁሉ ንግግሩን "መድረኩን አመሰግናለሁ" እያለ ይጀምር ስለነበር ስሙ በዚያው ጸና። ሰው ሆኖ እንዲቀር የተደረገው ቃለ ጉባኤ ያዥ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ማሽን የጻፈውን እንውጣ ባዮች "እንቆይ ባዮች አስገብተውበታል" ይላሉ፣ እንቆይ ባዮችም እንደዚያው ይላሉ። ስለዚህ አቋም የሌለው ሰው በእጁ እንዲጽፍ ተወሰነ። ከተማው ተበጥሮ አስራ አንድ ሰው ተገኘን። መታወቂያችን ላይ "አቋም የለሽ" ተብሎ ተጽፏል። ሰው ሲያነበው የሚጋባ በሽታ ያለብን ይመስል ፈቀቅ ይላል።

ከአዳራሹ ውጭ ያለውንም ልናገር። የዳቦ ቤቱ መስኮት ሁለት ነው፤ በግራው እንውጣ ባዮች፣ በቀኙ እንቆይ ባዮች ይገዛሉ። ሊጡ አንድ፣ ምድጃው አንድ፣ ጋጋሪውም አንድ። በግራ ሲሸጥ "ኧረ መቼ ነው የምንገላገለው!" ይላል፣ በቀኝ ሲሸጥ "ብቻችንን የት እንደርሳለን!" ይላል። ባጃጆቹ ሾፌር ባይኖራቸውም አቋም አላቸው፤ ቢጫው እንውጣን፣ ሰማያዊው እንቆይን ይጭናል። እኔ በእግሬ ነው የምሄደው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገትህ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው አቋምህን የሚጠይቅህ። እንውጣ ባይ የኅብረቱን ሐኪም ቤት አይረግጥም፤ የገዛ ወገኖቹ መመሪያ ይከለክለዋል፤ ልወጣበት ካልኩት ቤት አልበላም ነው ነገሩ። እንቆይ ባይ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ማማረር አይፈቀድለትም። ውሃው በሳምንት አራት ቀን ይጠፋል። እንቆይ ባዮች አራቱን ቀን አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያሳልፋሉ።

ክርክሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ የጫት በርጫ እንጂ ስብሰባ እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ደንቡ ሰው በአካል ይመጣ በነበረበት ዘመን እንደዚያ ተብሎ ተጻፈ። ወኪሎቹ ጫት አይቅሙም፤ ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝም ይላሉ። ይሄን ደንብ ለመቀየር ሦስት ዓመት ተከራክረዋል።

ወደ ሙሜ ልመለስ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። እኛ ድሬዎች "አንቱ" ማለት አይሆንልንም፤ አንተ እለዋለሁ፣ አንቺ ይለኛል። ሙሜና ታናሽ ወንድሙ ጣሂር ሁለቱም የባቡር ጥገና ሠራተኞች ነበሩ። ሥራቸው የባቡሩን የብረት ጎማ በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ነበር። ጤነኛ ጎማ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ጎማ ድምፁ ይታፈናል። ሙሜ በፀጉር ልክ የተሰነጠቀውን በጆሮው ይለየው ነበር ይባላል። ኅብረቱ ጥገናውን ወደ ወደብ ሲያዛውረው ሁለቱም ጡረታ ወጡ፤ ሙሜ እንውጣ ሆነ፣ ጣሂር እንቆይ ሆነ።

ሙሜ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚናገረው አንድ ንግግር አለው፦ "ጎማችንን ሌላ ሰው እየመታው፣ ስንጥቃችንን እኛ እንዴት እናውቃለን?" ጣሂር ይነሳና ይመልሳል፦ "ሐዲዱ ድንበር ላይ አያልቅም። ግማሽ ሐዲድ ይዘን ወዴት ልንሄድ ነው?" እውነት ለመናገር አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ነገር የሚናገሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀረው "የቀደመው ተናጋሪ ያነሱትን እያጠናከርኩ" ነው።

የተጣሉት የጣሂር ልጅ ነቢላ ስታገባ ነው፤ አስራ አንድ ዓመቱ። የሰርጉ መቀመጫ በአቋም ተከፍሎ ነበር። ሙሜ የሙሽራዋ አጎት ነኝና ከፊት እቀመጣለሁ ብሎ ሰማያዊው ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ጣሂር በሰው ፊት "ተነሳ፣ አቋምህን አስተካክለህ ና" አለው። ሙሜ ተነሳ። "አንተ ተሸንፈህ ካልመጣህ ደጅህን አልረግጥም፣ ወላሂ!" ብሎ ወጣ። ጣሂርም ከኋላው "እኔም ያንተን አልረግጥም፣ ወላሂ!" አለ። ሙሜ መጋላ፣ ጣሂር ከዚራ ነው የሚኖሩት፤ መሃላቸው ያለው የደቻቱ ድልድይ ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ካልሆነ አልተነጋገሩም። ሁለቱም ግን በአካል ይመጡ ነበር። ሙሜ ወኪል የሚልኩትን ይንቃቸዋል። "ወንድሜ ነገረኛ ነው፤ ግን ሳሙና አይልክብኝም" ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሙሜ ዓይን መፍዘዝ ጀመረ። ግላኮማ ነው ተባለ። የቀኙ ጠፋ፤ የግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል። ጣሂር ደግሞ ሳንባውን ታመመና ከአዳራሽ ቀረ፤ ሙሜ እንዳይሰማ ብሎ ወኪል አስገባ። ኩራት እኮ ነው። ከዚያም ባለፈው ዓመት የካቲት 10 ቀን ጣሂር ሞተ።

ጣሂር በሞተ ዕለት ሰፈሩ ነቢላ ግቢ ተሰበሰበ፤ በአካል። ሐኪሙ ስለ ሙሜ የተናገረው ይታወቃል፦ ድንጋጤና ለቅሶ የዓይኑን ግፊት ከጨመረው የቀረችውም ትጠፋለች። "ታክሞ ይዳንና ይረዳል" አለ አንዱ። እንውጣ ባዩ ሁሉ "ልክ ነው" አለ። እንቆይ ባዩም "ልክ ነው" አለ። መርዶ መደበቅ እንደሆነ እናውቅበታለን፤ በሽተኛ ሰው ይረዳል እንዴ፣ ነውር አይደለም? አንዱ ሙሜን ለምርመራ ብሎ በባጃጅ ወሰደው፣ ጀናዛው በጓሮ መንገድ ወጣ። ወንድም የወንድሙን ጀናዛ ሳይሸኝ ቀረ። የጣሂር ወኪልም ወንበር 212 ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ነቢላ በየዓርቡ እየመጣች ቻርጅ ታደርጋታለች።

እኔስ? እኔ የሞተ ሰው ንግግር አስራ አራት ወር ሙሉ በቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። "ወንበር 212፦ ሐዲዱ ድንበር ላይ አያልቅም ብለዋል።" በእጄ ነው የጻፍኩት። አቋም የለኝም ብዬ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ።

አሁን የነገሩን ክፋት ልብ በሉ። ሙሜ ሳይታከም መርዶ አይረዳም። ዓይኑን የሚያድነው ወደቡ ላይ ያለው የኅብረቱ ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ እንውጣ ባይ ሆኖ ደግሞ እዚያ አይገባም። አቋሙን እንዳይቀይር፣ ለወንድሙ ተሸነፈ ማለት ነው። ወንድሙ ደግሞ ሞቷል፤ ያውም መሞቱ የተደበቀው ሙሜ እስኪታከም ነው። ሐኪሙ በመጨረሻ ቀን ቆረጠ፦ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተሠራ፣ ጨለማ ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወኪሎቹ ዝም ሲሉ እጁን ይዤ አወጣሁት። በሩ ጋ ቆመ።

"ሽኩሪያ፣ ነገ ቅጹን ላቀርብ ነው።"

"የምን ቅጽ?"

"የአቋም መቀየሪያውን ነዋ።"

ክው አልኩ። "አልሐምዱሊላህ" ማለት ሲገባኝ አላልኩም።

"ለዓይኔ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለ። "ዓይኔ ገደል ይግባ። ጣሂርን ማየት አማረኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዳራሽ ማዶ፣ አሁን ደግሞ ድምፁን ብቻ! ያቺ የቀረችኝ ብርሃን ፊቱን ሳላይ ከጠፋች፣ እሱም ለኔ ሞተ ማለት አይደል?"

"ተው እንዲህ አትበል" አልኩት።

"ተሸነፍኩልህ እለዋለሁ። ከዚያ አቅፈዋለሁ። ሰው ሁሉ እያየ ደግሞ እንደ ሴት እንዳላለቅስ በአላህ፣ ከጎኔ ሁኚ።"

ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚለው። አንጀቴን በላው። ቤቱ ካደረስኩት በኋላ ድልድዩን ተሻግሬ ነቢላ ዘንድ ሮጥኩ። ሰማች፣ ቁጭ አለች፣ የቀሚሷን ጫፍ እጇ ላይ ትጠቀልል ጀመር።

"ዛሬውኑ እንንገረው" አልኳት።

"ሳይታከም?" አለች። "ቅጹ ተቀባይነት ያግኝ፣ ባቡሩ ላይ እናሳፍረው፣ ታክሞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ ጉልበቱ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ። ደግሞ ቅጽ ማስገባቱ ብቻ ምን ያደርጋል፣ ተጓዳኝ እስኪገኝ ዓመትም ይወስዳል..." ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ፊቷ ተለዋወጠ። ምነው ብላት "ምንም" አለችኝ።

ስለ ተጓዳኝ ላስረዳ። ሁለቱም ወገን ሁለት መቶ ስምንት፣ ሁለት መቶ ስምንት ነው። ሚዛኑ እንዳይዛባ በሚል፣ አቋም የሚቀየረው በልውውጥ ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውር ሲፈልግ በሱ ቦታ የሚመጣለት ሰው ፈልጎ እንደሚቀያየረው ማለት ነው። አንዱ ከወዲህ የሚሄደው ከወዲያ የሚመጣ ሲኖር ነው፤ ወንበራቸውንም ይለዋወጣሉ። አንድ ጎረቤታችን ስድስት ዓመት ጠብቆ ተራው ሲደርሰው፣ ከየት ወደ የት ሊዛወር እንዳመለከተ ረስቶት ተገኝቷል። አገሪቱ ውስጥ ያሉት አዳራሾች ሁሉ በዚህ ደንብ እኩል ለእኩል ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ በአንድ ድምፅ ቢያጋድል ያገር ውሳኔ ይሆናል። እስካሁን አንዱም አላጋደለም፤ ተፈርቶ።

እንግዲህ ሚያዝያ 11 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የነበረው ይሄ ነው። ሙሜ ተነሳ። የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተስተካክሏል። የት ተላጨ ብዬ አሰብኩ፤ ቢጫው ፀጉር አስተካካይ ጋ መሆን አለበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ።

"ዕድሉን ስለሰጠኝ መድረኩን አመሰግናለሁ" አለ። "እኔ ሙሜ፣ ወንበር ቁጥር 17፣ ከእንውጣ ወደ እንቆይ አቋሜን እንድቀይር አመለክታለሁ። ምክንያት፦" እዚህ ጋ ወደ ግራ ዞረ፣ 212 ወዳለበት። "ምክንያቴ ወንድሜ ነው። ጣሂር፣ ተሸነፍኩ። ሰማኸኝ? ተሸነፍኩልህ!"

አዳራሹ ዝም አለ። ወኪሎቹ ለእንደዚህ ያለ ነገር የሚሉት ያልተነገራቸው ስለሆነ ነው። ከግድግዳው "ማመልከቻው ተመዝግቧል፤ ተጓዳኝ በመፈለግ ላይ ነው" የሚል ድምፅና ትንሽ ሙዚቃ መጣ። እኔ "ለጊዜው ተጓዳኝ አልተገኘም" እንዲል በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። ሙዚቃው ቆመ።

"ተጓዳኝ ተገኝቷል። ወንበር ቁጥር 212። የማመልከቻ ቀን፣ የካቲት 3 ቀን 2093። ከእንቆይ ወደ እንውጣ። ልውውጡ ጸድቋል።"

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። የነቢላ ፊት ለምን እንደተለዋወጠ ያን ጊዜ ገባኝ። ጣሂር ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ቅጹን አስገብቶ ነበር። እሱም ለወንድሙ ሊሸነፍለት ነበር። ማመልከቻው አስራ አራት ወር ሙሉ ከሙሜ በፊት ማንም ያልሆነለትን ተጓዳኝ እየጠበቀ ቆየ።

ሙሜ መጀመሪያ አልገባውም። "ስንት አለ? ሁለት መቶ አስራ ሁለት?" አለ። ከዚያ ሳቀ። ሙሜን እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ሰውነቱ በሙሉ ነበር የሚስቀው።

"አንተ ነጃሳ!" ብሎ ጮኸ። "አንተም? ከአምና የካቲት ጀምሮ? እና ዝም ብለህ ስትሰድበኝ ከረምክ? ና እስቲ! ቆይ፣ አትነሳ፣ እኔ እመጣለሁ!"

ዱላውን ይዞ መሃል ለመሃል ተሻገረ። ሮጬ መያዝ ነበረብኝ። ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም። ወንበሮቹን በዱላው እየነካ ቆጠረ፦ ሁለት መቶ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ። ዱላውን ጣለና ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ሰው ሊያቅፍ። እጆቹ አየሩን አቅፈው ተገናኙ። ጎንበስ አለ፣ የወንበሩን መደገፊያ ዳሰሰ፣ ከዚያ መቀመጫውን። አገኛት።

ወኪሏ ልክ ያን ጊዜ በራች። አቋሟ ስለጸደቀ፣ ጣሂር በመጨረሻው ሳምንት የነገራት ሁሉ ተከፍቶላታል።

"ዕድሉን ስለሰጠኝ መድረኩን አመሰግናለሁ" አለች በጣሂር ድምፅ። "ጎማችንን ሌላ ሰው እየመታው፣ ስንጥቃችንን እኛ እንዴት እናውቃለን?"

ሙሜ በሁለት እጁ እንደያዛት ቆመ።

"ወንድሜ ሳሙና አይልክብኝም" አለ፣ ለራሱ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ሽኩሪያ። ታሟል?"

ጎንበስ ብዬ የወደቀውን እስክሪብቶ ፈለግኩ።

"ሽኩሪያ!"

"ባለፈው ዓመት" አልኩ። "የካቲት አስር።"

"ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። ጮክ ብሎ አልነበረም። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ የሰው ወኪል ወደ ጎን ገፍቶ ተቀመጠ። "ሳሉ ቆሞ ነበር" አለኝ። "በየቀኑ እሰማው ነበር እኮ፣ ሳሉ የለም። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። በዚህ ጆሮዬ! አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነበር የምገባው ቤቴ።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

"ማን ማን ያውቃል?"

"ሁሉም።"

"እንውጣዎቹም? እንቆዮቹም?"

"ሁሉም ሙሜ። ለዓይንህ ብለው ነው። ሁላችንም ተስማምተን..."

"ተስማምታችሁ!" አለ። "አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ነገር ያልተስማማ ሰፈር! ወንድሜን ከኔ ለመደበቅ ሲሆን ግን ድምፀ ተአቅቦ እንኳ አልነበረም። አንቺስ አቋም የለሽ አልነበርሽ?"

 

መድረኩ "ወንበር 17 ከአጀንዳው ውጭ እየተናገሩ ነው" አለ።

የለቅሶው ድንኳን ነቢላ ግቢ ተተከለ። ዘግይቶም ቢሆን ሐዘን መድረሱ፣ ተዕዚያው፣ ተዕዚያ ነው። ሙሜ አስራ አንድ ዓመት ያልረገጠውን ደጅ ረገጠ። ሰው ጎረፈ፤ ቢጫውም ሰማያዊውም ባጃጅ አንድ በር ላይ አራገፈ። ሰፈሬ ይሄን ያህል ሰው እንዳለው ረስቼ ነበር፤ አርጅተዋል፣ ወፍረዋል፣ አንዳንዱን በድምፁ ነው ያወቅኩት። ዳቦ ጋጋሪው በአንድ ጆንያ አምጥቶ ለሁሉም አከፋፈለ። ሦስት ቀን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ሲቀመጡ ስለ ኅብረቱ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንድ ሰው! ውሃ ጠፋ፣ ሁሉም እኩል አማረሩ። ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ነበር፤ ሥራዬ ነዋ። ያን ጊዜ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ወኪሎቻቸው አንገት ለአንገት ተናንቀው ይከራከሩ ነበር። በአራተኛው ቀን ምንጣፉ ተጠቀለለና ሰው ሁሉ ወደየባጃጁ ቀለም ሄደ። ምናለ አንዱ እንኳ ቢሳሳት ብዬ ቆሜ አየሁ። አልተሳሳቱም።

ነቢላ ለሙሜ ጉልበቱ ላይ ወድቃ የነገረችው በሁለተኛው ቀን ነው። ጣሂር በመጨረሻው ሳምንት መናገር ሲከብደው፣ የአዳራሹን ስርጭት ክፈችልኝ እያለ ሙሜን ብቻ ያዳምጥ ነበር። ሙሜ ሲጨርስ "ዝጊው" ይላል። ከሰዓት በኋላ ነቢላ ወኪሏን ከአዳራሽ አምጥታ ታስጠጋለታለች፣ እሱም የሰማውን እያሳለ ይነግራታል። "ወደ ወንድሜ ወገን ከሄድኩ እሱ ያለውን ሳላጓድል እንድል ነው" አለኝ አለች። "በሱ ፊት ቆሜ የሱን ነገር እናገራለሁ፤ ያን ጊዜ ይስቃል አለኝ።"

ሙሜ እጇን ያዘ። "ስቄያለሁ" አላት።

ግንቦት ሲገባ ወደ ወደብ ሄደ፣ እንቆይ ባይ ሆኖ። የኅብረቱ ሐኪም የግራ ዓይኑን አተረፈለት። ሲመለስ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኩት፤ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረውና "አርጅተሻል" አለኝ። ይቅር ብሎኛል ማለት አይደለም። ሰላም ብሎኛል፣ በቃ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሽ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ዙሪያውን አየ። አራት መቶ ምናምን ሳሙና። ዓይኑ ከፈዘዘ ወዲህ "ክቡራንና ክቡራት" ሲል የኖረው ለማን እንደነበር አየ። ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ዱላውን ይወረውራል ብዬ ጠበቅኩ። ሄዶ አዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር 212፣ የጣሂር ወንበር። የጣሂር ወኪል ደግሞ ፊት ለፊት፣ 17 ላይ ናት።

ወኪሏ በራች። "ጎማችንን ሌላ ሰው እየመታው፣ ስንጥቃችንን እኛ እንዴት እናውቃለን?"

ሙሜ እጁን አወጣ። መድረኩ ፈቀደለት። "ሐዲዱ" አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ "ሐዲዱ ድንበር ላይ አያልቅም። ግማሽ ሐዲድ ይዘን ወዴት ልንሄድ ነው?" አንድ ቃል አላጓደለም። እሱም ሲሰማ ኖሯል ለካ። ጻፍኩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ሕጉን ያውቀዋል። የሞተ ሰው ወኪል የሚዘጋው የሥጋ ዘመድ ለቃለ ጉባኤ ያዥ "ሞቷል" ብሎ ሲያስመዘግብ ነው። ነቢላ "አጎቴ ይወስን" ብላለች። ሙሜ ይሄን ቃል ካለኝ 17 ይዘጋል፣ እንውጣ ሁለት መቶ ሰባት ይሆናል፣ እንቆይ በአንድ ድምፅ ያሸንፋል፣ አገር ሁሉ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተናቆረበት ነገር ያልቃል። ሌሎቹ አዳራሾች ውስጥ ስንት ሙት ተቀምጦ እንደሚከራከር አላህ ይወቀው፤ እኛ ጋ ግን ያለው ይሄ ነው። አንድ ቃል።

"ልጻፍ?" አልኩት። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

"ጻፊ" አለ።

"ሟች" ብዬ ጀመርኩ።

ወደ 17 ዞሮ አየ። መብራቷ ጠፍቷል፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ትበራለች። የተረፈችውን ዓይኑን ጨፈነ።

"ቆይ" አለኝ። "ዛሬ ጥሩ ተናግሯል። ነገ ትጽፊዋለሽ።"

ይሄን ያለኝ ከአራት ወር በፊት ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣል፣ በየቀኑ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ፣ በየቀኑ ነገ ይለኛል። እኔም የጀመርኩትን ቃል ሰርዤ እንደ ወትሮው እጽፋለሁ። እንውጣ 208፣ እንቆይ 208። ስብሰባው ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጥሯል።